ሽማግሌ ፍለጋ በናክሶስ ደሴት

ከተመለስን ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ባሕሩ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሜዲትራኒያንን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል ስለኖርኩ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ ረጅም መልስ ይጠብቃሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባሕሩን በደንብ አላየሁትም። ዓይኔ ባሌ ላይ ነበር። እንግዲህ ለባሕሩ ስትሉ የምታነቡ ካላችሁ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልጃችን ሰብለ በአንድ የሽርሽር መርከብ ላይ እንግዳ ተቀባይ ናት። መርከቡ የግሪክን ደሴቶች እየዞረ ቱሪስት ያሳያል። ሠራተኞቹ አንድ ጊዜ ወላጆቻቸውን በቅናሽ ማሳፈር ይፈቀድላቸዋል ተባለና ጠራችን። የቪዛውን ነገር አልጽፈውም፤ ስጽፈው ደሜ ይፈላል። ዋናው ጉዳይ ግን ሽርሽር አልነበረም። በዚያው መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነ ኒኮስ የሚባል ልጅ አለ፤ ናክሶስ የምትባል ደሴት ተወላጅ ነው። ሊጋቡ ተስማምተዋል። መርከቡ ናክሶስ የሚቆመው አንድ ቀን ብቻ ነውና በዚያ ቀን ወላጆቹ ቤት ምሳ እንድንበላና እንድንተዋወቅ ታስቧል። አያሌው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ ይህ ሁሉ ሲነገረው «እንተዋወቅ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመረም።

ሰብለ ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ በስልክ እንዲህ አለችኝ። «እማዬ፣ አባባ እሺ ቢሉም ባይሉም አገባዋለሁ። ግን ሳይመርቁኝ ካገባሁ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።» ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አያሌውን አውቀዋለሁና።

አትጠገብ የምትባል ታናሽ እህት አለችው፤ የምትኖረው አምበር ነው። በልጅነቷ ሽማግሌ ሳይላክ የወደደችውን ሰው ተከትላ ሄደች። አባታቸው በሕይወት ስላልነበሩ መጠየቅ የነበረበት አያሌው ነበር፤ አልተጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ እህል ቀምሶ አያውቅም። ድሮ «አያ» ትለው የነበረችው እህቱ ዛሬ ለቅሶ ላይ ሲገናኙ «አቶ አያሌው» ትለዋለች፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሮብ ገበያ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ለገበሬው ሁሉ ሲለፋ የኖረ፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው። የራሱ ነገር ሲሆን ግን እንደ በቅሎ ነው። ልጄም በአትጠገብ መንገድ ልትሄድ ነው ብዬ ነው እንግዲህ ፓስፖርቴን ይዤ የተነሣሁት።

ሰኞ በጠዋት ከመናኸሪያ ተነሣን። ሻንጣ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የአያሌውን ሙሉ ልብስና አሮጌ ጋቢውን ከትቼ ነበር። ሳይ አንድ አዲስ ጋቢ፣ ጥለት ያለው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከታች ተኝቷል። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ስለው «መርከብ ላይ ይበርዳል ይባላል» አለኝ። ለአንድ ሰው ሁለት ጋቢ! ብቻ መንገድ ላይ መጣላት አልፈለግሁም።

አምበር ስንደርስ አውቶቡሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የአትጠገብ ቤት ከአስፋልቱ አይርቅም፤ የቆርቆሮ ጣሪያው በእኔ በኩል ባለው መስኮት ይታያል። አያሌው ፊቱን ወደ ማዶኛው መስኮት አዙሮ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለኝ። ሰዓት ያሰረው እሱ ነው። ሉማሜን፣ ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ እስክንወርድ ድረስ አልተነጋገርንም። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርን። እሷ ስለ አውሮፕላን ስትመክረን እኔ በሐሳብ ናክሶስ ደርሼ ከባሌ ጋር እጨቃጨቅ ነበር።

ማክሰኞ በረርን። አቴንስ ስንደርስ ፈታሹ የበሶውን ላስቲክ አነሣና ዱቄቱን አሸተተ፤ ሌላ ባልደረባውን ጠራ። እኔ በእንግሊዝኛ «ገብስ ነው፣ የተቆላ ገብስ» እላለሁ። አያሌው ትዕግሥቱ አለቀና ከያዘው ውሃ ኩባያ ውስጥ ጨምሮ በሶውን በጥብጦ ፊታቸው ላይ ጠጣላቸው። ፈታሹ ሳቀና ጣቱን አስነክቶ ቀመሰ። ከዚያ በሁለት እጁ ላስቲኩን አስሮ መለሰልን፤ ሻንጣውንም ራሱ ዘጋልን። ያደርነው ወደቡ አጠገብ ካለች ትንሽ ሆቴል ነው። አያሌው አሳንሰር ውስጥ አልገባም ብሎ በደረጃ ወጣ። ባለ ሆቴሏ አሮጊት ስለታዘበችው ሎሚና ማር ያለበት ሻይ ይዛለት ወጣች፤ እሷም በደረጃ። ሂሳቡ ላይ ሻዩን አላስገባችውም።

ረቡዕ መርከቡ ላይ ወጣን። መርከብ አትበሉት፣ ከተማ ነው። መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊያ በገበያ ቀን ቁይ የገባሁ አስመስሎኛል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚገፋህ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ክፍላችን መስኮት የለውም። ልጃችንን ስንፈልግ እንግዳ መቀበያው ጋ አገኘናት። ደረቷ ላይ ስሟ ተለጥፏል፣ አለቃዋ አጠገቧ ቆሟል፣ ከፊቷ ረጅም ሰልፍ አለ። በሥራ ሰዓት ከዘመድ ጋር መጫወት ክልክል ነው። ምን እናድርግ? ተሰለፍን። ልጃችንን ለማናገር ተሰለፍን! ተራችን ሲደርስ አያሌው የሚለው ጠፍቶት «ክፍላችን ይበርዳል» አለ። እሷም አለቃዋ እንዲሰማ በእንግሊዝኛ «አሁኑኑ እናስተካክላለን፣ ጌታዬ» ካለች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንደምን አደሩ አባባ» አለችው። አያሌው ከሰልፉ ወጥቶ አንድ ጥግ ላይ መነጽሩን ሲወለውል ቆየ።

ጾም ነበርና ምሳ ላይ ቅቤም ሥጋም የሌለበት እንዲሰጡት ጠየቅኩለት። ወጥ ቤቱ ቅቅል ድንች በቲማቲምና በወይራ አቀረበለት። ሁለት ሳህን በላ። «ድንቹ ጥሩ ነው» አለ፤ ገበሬውን ድንች ሲያስተክል ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። የፈለግሁት ይህን እንድታውቁልኝ ነው፤ አያሌው በሰው አገር ምግብ አይግደረደርም።

ሐሙስ ናክሶስ ደረስን። ትልቁ መርከብ ወደቡ ድረስ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰውን በትንንሽ ጀልባዎች ያመላልሳሉ። የመጨረሻዋ ጀልባ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት እንደምትሄድ፣ የቀረ እንደሚቀር፣ በድምፅ ማጉያ ደጋግመው ነገሩን። ልቤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላረፈም። ነፋሱ ለብቻው ነው። ከጀልባዋ ላይ የአያሌውን ባርኔጣ ከራሱ ነጥቆ ባሕር ውስጥ ጣለው። ለበዓልና ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የሚያደርገው ባርኔጣ ነበር። ማዕበሉ ላይ ሲንሳፈፍ እያየ «እንግዲህ ራሴን ገልጬ ሰው ቤት ልገባ ነው» አለ። ይህን ያህል ፊቱ ሲከፋ ዕድላችንን ረገምኩ።

ወደቡ ላይ ሰብለና ኒኮስ ፈቃድ ወስደው ይጠብቁናል። ልጁ ቀጭን፣ ጸጉሩ ጥቁር፣ ዓይኑ ከአያሌው ፊት የማይነሣ ነው። ሰብለ አስተምራው ኖሮ ጎንበስ አለና ጉልበት ሊስም ሄደ። አያሌውም እንደ ደንቡ ሳያስደርሰው በክንዱ ይዞ ቀና አደረገው። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ በልቤ።

ወደ መንደራቸው የምትወጣው አንዲት አውቶቡስ ናት። የመንደሩን ስም እስካሁን መጥራት አልቻልኩም። መንገዱ ዓባይ በረሃን የሚያስንቅ ጠመዝማዛ ነው፤ ሾፌሩም ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በአንድ እጁ የሚነዳ። ተራራው ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን ተሠርቷል። አያሌው ነቃ አለ፤ «ይህን ያህል ድንጋይ ማን ካበው?» አለ። ኒኮስ በሰብለ አስተርጓሚነት «አያቶቻችን» ሲል፣ «እኛ አገር በዘመቻ ነው የምንክበው፣ በክረምት ይናዳል» አለው። ከእርከኑ በታች ድንች ተተክሎ ሲያይማ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረውም። ቾቄ ተራራ ሥር ያለሁ መሰለኝ ብሏል በኋላ። እኔ ግን ቁልቁል መርከቡን እያየሁ፣ ስንት ጠመዝማዛ መንገድ እንደምንመለስ እያሰብኩ ነበር።

የኒኮስ አባት ያኒስ፣ እናቱ ማሪያ ይባላሉ። ቤታቸው የድንጋይ ነው፤ የደጁ ደረጃ ደግሞ እብነ በረድ! እኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ የሚቸግር ነገር እነሱ ዘንድ ዶሮ ይሄድበታል። ማሪያ አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ሳመች፣ እየጎተተች አስገባችኝ። ጠረጴዛው ላይ ምን የሌለ ነገር አለ? የፍየል ጥብስ ከድንች ጋር፣ አይብ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ከጓሮአቸው የተጠመቀ ወይን። ጠዋት ከሻይ በቀር ያልቀመስኩት እኔ ምራቄን ዋጥኩ።

አያሌው ተቀመጠ። እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማርያም ሥዕል ያያል። እሱ ካልጎረሰ እኔ በምን አፌ ልጉረስ? ሰብለም ሹካዋን አስቀመጠች። ያኒስ ሚስቱን አየ፣ ማሪያ ልጇን አየች። ጾም መስሏት ይሆናል ወጥ ቤት ገብታ ሽምብራ በዘይት ሠርታ መጣች። «ሐሙስ ነው እኮ፣ ምን ጾም አለ!» ልል ነበር፤ ዋጥኩት። አያሌው አሁንም «ጠግቤያለሁ» አለ። ሴትዮዋ ሳህኑን እንደያዘች ዓይኗ እንባ ሞላ። ለኒኮስ የሆነ ነገር አለችው፣ ኒኮስ ለሰብለ፣ ሰብለ ለእኛ። «ምግቤ ምን ጎደለው? ንገሩኝና እንደገና ልሥራ ይላሉ።»

አላስቻለኝም። ባሌን በእጅጌው ይዤ ወደ ሰገነቱ አወጣሁት። ከታች ባሕሩ ይታያል፤ መርከባችን የሙልሙል ዳቦ ታክላለች። ትንንሾቹ ጀልባዎች ይመላለሳሉ።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ሴትዮዋ ልታለቅስ ነው!»

«የሺ፣ ማን ጠየቀኝ?»

«ምኑን?»

«ልጄን! ልጄን ማን ጠየቀኝ? ምሳ ብላ አሉኝ እንጂ ማን ቆሞ ጠየቀኝ? የልጅቱ አባት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ወደ ወንዱ ቤት የመጣሁ። ይሁን፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ መጣሁ። ሳልጠየቅ ማዕዳቸውን ከቆረስኩማ ልጄን በአንድ ሳህን ፍየል ሰጠሁ ማለት አይደለም?»

«ሰዎቹ ደንባችንን በምን ያውቃሉ?»

«እነሱ ባያውቁ እኔ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሳልጠየቅ ታልፌያለሁ፤ ይበቃኛል» አለና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰውዬው አልሰጥም እያለ አይደለም፤ እየጠበቀ ነው። ተናደድኩም፣ አዘንኩለትም። ወጥ ቤት ገባሁና ኒኮስን በእንግሊዝኛ «ሽማግሌ ልከሃል?» አልኩት። «ሰብለ እኛ ዘመናዊ ነን፣ አያስፈልግም ብላኝ ነበር» አለኝ። ሰብለ አንገቷን ደፋች። «አሁን አስፈልጓል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ፈልግ። ቆመው ልጅቷን ይጠይቁ፤ እስኪመለስላቸው አይቀመጡም፣ አይበሉም፣ አይጠጡም።» «ከየት ላምጣ?» «ከየትም! ፍጠን ብቻ!» ልጁ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወረደ።

ከመንደሩ ቡና ቤት ነው ያመጣቸው። አንደኛው የመንደሩ ቄስ ናቸው። ቄስ ቡና ቤት ካርታ ሲጫወቱ ተገኙ ብል የኛ ደብር ሰዎች ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ጢማቸው ግን እምነት የሚጣልበት ነው። ሁለተኛው ባለ ቡና ቤቱ፣ ሽርጡን እንዳደረገ። ሦስተኛው ያ ሳቂታ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መሄጃው ደርሶ ሞተር ሊያስነሣ ሲል ነው ኒኮስ የጎተተው። ከቤቱ ጀርባ አሰልፌ አስተማርኳቸው። ባለ ቡና ቤቱ በእጁ ብርጭቆ ይዞ ነበር፤ ቀማሁት። አውቶቡሷ አደባባዩ ላይ ቆማለች፣ ተሳፋሪዎቹ ጥሩምባዋን ይነፋሉ፣ የመጨረሻዋ ጀልባ ደግሞ ማንንም አትጠብቅም። ከሾፌሩ በቀር የተረጋጋ ሰው አልነበረም። «እኔ ሳልሄድ አውቶቡስ አይሄድም» ይላል። መልካም፤ ጀልባዋስ?

ሦስቱ ገብተው ተደርድረው ቆሙ። አያሌው ሲያያቸው ትከሻው ተነሣ፣ አንገቱ ቀና አለ። በአንድ አፍታ የሰው አገር እንግዳነቱ ጠፋና የራሱ ቤት ያለ አባወራ ሆነ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ።

ቄሱ እንዳስጠናኋቸው «ለመቀመጥ አልመጣንም። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን መጥተናል» አሉ። ንግግሩ ከቄሱ ወደ ኒኮስ፣ ከኒኮስ ወደ ሰብለ ይሻገራል። ሙሽሪት በራሷ ሽምግልና አስተርጓሚ ስትሆን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የማን ዘር ናችሁ? ዝምድና እንዳይኖር ትውልድ ይቆጠር» አለ አያሌው።

«አባባ!» አለች ሰብለ።

«ደንብ ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር።»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። ያኒስ ግን ነገሩን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ያዘው። በጣቱ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየቆጠረ ሄደ፤ ሲያልቅበት ቄሱ ከመቃብር ድንጋይ የሚያውቁትን ጨመሩለት። አያሌውም የራሱን ዘር ሲናን ወረዳ ከነበሩት አያቶቹ ጀምሮ ዘረዘረ። ዝምድና አልተገኘም። ያኒስና አያሌው የሁለቱንም ወገን ሙታን ስም ሲጠራሩ ከቆዩ በኋላ ግን ያኒስ ባሌን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። ከዚያ በፊት ግራ ይጋባበት ነበር፤ አሁን እንደ እኩያው ያየው ጀመር። ውጭ ጥሩምባው ይጮኻል።

አሁን እሺ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አያሌው ጉሮሮውን ጠርጎ «መልካም። ቤተ ዘመድ ላማክር። በሳምንቱ ተመለሱ» አለ።

ሰብለ አልተረጎመችም። ፊቷ አመድ መሰለ። እንግዲህ እኛ ዘንድ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። በአንድ ጥያቄ የተሰጠች ልጅ እንደ ረከሰች ትቆጠራለች፤ አባት ሽማግሌ ያመላልሳል፣ የልጅቱ ክብር ይህ ነው። ይህን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። በሳምንቱ ግን እኛ ደብረ ማርቆስ ነን፣ እነሱ ባሕር ላይ ናቸው! አያሌው ራሱ ያለው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ይመስለኛል፤ አንዴ ከተናገረ ደግሞ የሚመልሰው ሰው አልነበረም። ሰብለ ስላልተረጎመች እኔው በእንግሊዝኛ ለኒኮስ ነገርኩት፤ ለምን እንደሚባልም ጨምሬ። ኒኮስ ለሦስቱ ነገራቸው።

ሾፌሩ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ቄሱንና ባለ ቡና ቤቱን በክንዳቸው ይዞ ወጣ። ተቀይመው ሄዱ ብዬ በመስኮት ሳይ፣ ቄሱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ቤቱን ይዞራሉ። በዶሮዎቹ መሀል፣ በድንች ማሳው ዳር፣ በእንጨት ክምሩ በኩል አድርገው በዝግታ ዞሩ። አደባባዩ ላይ የነበሩት ተሳፋሪዎች ጥሩምባውን ትተው ሊያዩ መጡ። ሽማግሌዎቹም በዚያው በር ገብተው በቦታቸው ቆሙ።

«ሳምንት ሆነን። ተመልሰን መጣን» አሉ ቄሱ።

አያሌው አያቸው፣ አያቸውና ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አልለየሁም፤ በኋላ ስጠይቀው ሁለቱም ነው አለኝ። ወደ እኔ ዞሮ «የሺ፣ ቤተ ዘመድ ምን ይላል?» ሲለኝ «እሺ በላቸው እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብዬ ጮኽኩ። «አንቺስ ልጄ?» አላት። ሰብለ ጉልበቱ ላይ ተደፋች። አነሣትና መረቃት፤ «ውለዱ ክበዱ፣ ከክፉ ይሰውራችሁ» እያለ። ማንም አልተረጎመም፤ ማሪያ ግን በየመሀሉ ታማትብ ነበር።

ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ከእጁ ካልለየው ፌስታል ውስጥ ያን በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ጋቢ አውጥቶ ኒኮስን አለበሰው። ለካ ለብርድ አልነበረም! ገና ከደብረ ማርቆስ እሺ ሊል ቆርጦ የተነሣውን ሰውዬ ነው ስቃጠልለት የከረምኩት። በበርበሬ ባጥነው ደስ ባለኝ።

«አሁን ምግቡ የታለ?» አለ። ምግብ የሚበላበት ጊዜ ግን አልነበረም። ሾፌሩ እየሮጠ ወጣ፣ እኛም ተከተልን። ማሪያ ያገኘችውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልላ በመስኮት አቀበለችን። ያኒስ የራሱን የገለባ ባርኔጣ አውልቆ ባሌ ራስ ላይ ደፋው። ጠመዝማዛውን ቁልቁል ስንወርድ አያሌው የፍየሉን ሥጋ ከድንቹ ጋር እየጎረሰ፣ እኔን እያጎረሰ፣ ሾፌሩንም ከኋላ እጁን ዘርግቶ አጎረሰው። ወደቡ ስንደርስ የጀልባዋን ገመድ እየፈቱ ነበር። እኔ የዘለልኩትን ዝላይ በተማሪነቴም አልዘለልኩትም።

ዓርብና ቅዳሜ መርከቡ ሌሎች ደሴቶች አሳየን። ቆንጆዎች ናቸው መሰለኝ። ማሪያ ከጠቀለለችው ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጋገረ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ እንደኛ ድርቆሽ ሳይበላሽ የሚከርም። ልቀምስ እጄን ስሰድ አያሌው ነጠቀኝ። «ለሰው ነው» አለ። ለማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። የልጄን ምርቃት አግኝቼም ልቤ እንደገና መረበሽ ጀመረ፤ ይህን ሰው ዝም ሲል አላምነውምና።

አዲስ አበባ አርፈን በነጋታው ወደ አገራችን ተሳፈርን። ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀንን፣ ሉማሜን አልፈን አምበር ስንቃረብ አያሌው በእኔ በኩል ያለውን መስኮት አተኩሮ ማየት ያዘ። ድንገት ተነሥቶ «ወራጅ አለ!» አለ። ረዳቱ «ቲኬታችሁ የማርቆስ ነው» ቢለውም አልሰማውም። ሻንጣችንን አስፋልቱ ዳር አውርደው ሄዱ።

አትጠገብ ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ ወንድሟን አየች፣ የገለባ ባርኔጣውን አየች፣ እኔን አየች። ሰፌዱን ከጭኗ አላወረደችም።

«አቶ አያሌው፣ ደህና ነዎት? ይግቡ» አለች።

«አልገባም። ለመቀመጥ አልመጣሁም» አለ ባርኔጣውን አውልቆ። «ሽምግልና መጥቼ ነው።»

«ማን ልኮዎት?»

«ማንም። ጥፋተኛውም ሽማግሌውም እኔ ነኝ። ማሪኝ ብዬ መጥቻለሁ።»

አትጠገብ ምስሩን በጣቷ ስትገፋ ቆየች። ድምጿ ጠንካራ ነበር። «ሽማግሌ በመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጠውም። ደንቡን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። ሌላ ቀን ይመለሱ።»

መንገድ ያደከመኝ ሴት ነኝና ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። አያሌው ግን የዳቦውን ጥቅል መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ፤ ሄደ። በባሕር ዛፎቹ በኩል፣ በበጎቹ ጋጣ ጀርባ፣ በጭድ ክምሩ አጠገብ አድርጎ ቤቱን ዞረ። ውሻዋ እየጮኸ ተከተለው። አትጠገብ ምን እንደሚያደርግ ስላልገባት አንገቷን አስግጋ በዓይኗ ትፈልገዋለች። በሌላኛው ማእዘን ብቅ ብሎ መጥቶ በዚያው ቦታ ቆመ።

«ሌላ ቀን ሆነ። ተመለስኩ» አለ።

እህቱ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰፌዱ ከጭኗ ወድቆ ምስሩ ደጁን ሞላው፤ ማንም አልለቀመውም። ገብታ መሶብ ይዛ ወጣችና እዚያው ደጁ ላይ ከፍታ አቀረበች። አያሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የመንገድ አቧራ የጠጣውን እጁን ሰደደ።

«እጅህን ታጠብ እንጂ፣ አያ!» አለችው።